አዳራሹ ማክሰኞ ማታ ባዶ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ለጋዜጣ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ትልቁ ስለተበላሸ የአፓርታማ ማሞቂያ የጻፍኩት አቤቱታ ነው። አሁን ግን በሆዴ ይዤ መቆየት ያልቻልኩት ነገር አለ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 46 ዓመቴ ነው። ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ። አምና ልጄን ሰፈራችን ካለ የካፖዌራ ቡድን አስመዘገብኩት። ካፖዌራ ውጊያና ጭፈራ ከሙዚቃ ጋር የተዋሃዱበት የብራዚል ጨዋታ ነው። ካፖዌራን አውቄው አይደለም፤ ከስልኩ እንዲላቀቅልኝ ብዬ ነው። እኔ ዳር ላይ ወንበር ስቤ ስልኬን እነካካለሁ። በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ መጣና «አንዴ ተነሺ» አለኝ። ስነሳ ወንበሩን ይዞት ሄደ። «እዚህ ተመልካች የለም» አለ እየሳቀ። አጀማመሬ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሚያስተምሩት ዢንጋ የሚባለውን እንቅስቃሴ ነው። መሬት ላይ በፕላስተር ሦስት ማዕዘን ሠራልኝ። አንዱ እግር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ተመልሶ ጎን ይቆማል፣ ከዚያ ተራው የሌላኛው ነው። በዚያው መጠን ክንድሽ ፊትሽን ይከልላል። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ስለሚመታ መቆም ብሎ ነገር የለም። ሲያዩት ቀላል ነው። እስክስታ ለለመደ ሰው ግን ጣጣ አለው፤ ትከሻዬ ከእግሬ ቀድሞ ይነሳል። «ትከሻሽን ተይው» ሲለኝ ወር አለፈ። በሁለተኛው ወር በእጅ መገልበጥ መጣ። «አው» ይሉታል። እኔም ወድቄ «አው» አልኩ። የእጄ አንጓ አብጦ ሥራ ስገባ፣ የምንከባከባቸው እናት በረዶ በፎጣ ጠቅልለው ያዙልኝ። ማን ማንን እንደሚንከባከብ አልታወቀም።

የገዛኝ ግን መሣሪያው ነው። ቤሪምባው ይባላል። እንደ ደጋን የተለመጠ ረጅም እንጨት ነው። እንደ መሲንቋችን አንድ ክር ብቻ አለው፤ ክሩ ግን የፈረስ ጭራ ሳይሆን ሽቦ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ የሚወጣ። ከታች ቅል ታስሮበታል። አዎ፣ የእኛው ቅል! በቀጭን ዱላ ሽቦውን እየመታሽ በሌላው እጅ ድብልብል ድንጋይ ታስጠጊበታለሽ። ቅሉ ሆድ ላይ ሲገጥም ድምፁ ይታፈናል፣ ሲላቀቅ ይከፈታል። አገር ቤት ቅልና ድንጋይ አብረው አይውሉም። እዚህ ግን አንድ ላይ ሆነው ያዜማሉ።

የሚጫወቱት ክብ ሠርተው ነው። ሲጻፍ ሮዳ ነው፣ ብራዚሎቹ ግን «ሆዳ» ነው የሚሉት። አንድ ሰሞን ስለ ሆድ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። አንድ አውራጅ ያወርዳል፣ ሌላው እያጨበጨበ ይቀበላል። ሁለት ሰዎች ቤሪምባው ሥር ቁጢጥ ብለው ይጨባበጡና ይገባሉ። እኔ መጀመሪያ የገባሁ ቀን ዘጠኝ ዓመት ከሚሆናት ልጅ ጋር ተገናኘሁ። ገና ከመጨባበጣችን የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ። ጎንበስ ማለት ሲገባኝ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። የልጅቷ እግር ዞሮ መጣና አፍንጫዬ አጠገብ ሲደርስ ቀጥ አለ። የጣቶቿ ጥፍር ላይ የተላላጠ ሮዝ ቀለም ታየኝ። እንዲያ አቁማው ፈገግ አለችና «አሁን ዝቅ በይ» አለችኝ። ልጅቷ የበለጠችኝ እግሯን በማቆሟ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ከሕፃን ተማርኩ።

ቅጽል ስምም ተሰጠኝ። ሁሌ በፔርሙስ ቡና ስለማመጣ «ካፌ» አሉኝ። በፖርቱጋልኛ ቡና ማለት ነው። ልጄ ግን «እማዬ፣ ካፌ ከፈትሽ እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የምንለማመድበት ቤት ዘንድሮ ለእድሳት ተዘጋ። እኔም ወገኖቻችን ያላቸው አንድ አዳራሽ ትዝ አለኝ። ማክሰኞ ማታ መብራቱ ጠፍቶ ነው የሚያድረው፤ ከሥራ በፊት በዚያ ስለማልፍ አውቃለሁ። ኪራይ እንከፍላለን፣ የኛም ልጆች በነፃ ይማራሉ ብዬ ኮሚቴው ዘንድ ቀረብኩ። በአክብሮት ሰሙኝ። ከዚያ እንደ አባት የማያቸው አንድ ጋሼ፣ «ልጄ፣ ይሄ የባዕድ አምልኮ ከበሮ ነው ይባላል። ደግሞ አንቺ የልጅ እናት፣ ምን ያገለባብጥሻል?» አሉኝ። ሌሎቹ አቀርቅረው ወረቀት አገላበጡ። በዚያው ቀረ።

ጋሼ፣ ያኔ መልስ ስላጠረኝ ነው፤ አሁን ልመልስ። ይህ ፍርሃት አዲስ አይደለም። ካፖዌራን የጀመሩት በባርነት ወደ ብራዚል የተወሰዱ አፍሪካውያን ናቸው። ብራዚል ባርነትን በሕግ ያስቀረችው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። በ1890 በወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ መንገድ ላይ ካፖዌራ የተጫወተ ከ2 እስከ 6 ወር ይታሰር ነበር። ቅጽል ስም መስጠቱም የመጣው ያኔ ነው ይላሉ፤ የተያዘው የጓደኛውን እውነተኛ ስም እንዳያወጣ። ፈረሰኛ ፖሊስ ሲመጣ የፈረስ ኮቴ የሚመስል ምት በቤሪምባው ይመታ ነበር። ያ ምት ዛሬም አለ፤ መምህራችን ሲመታው ልጆቹ ይበተናሉ። ሜስትሪ ቢምባ የሚባል ሰው በ1932 በብራዚሏ ሳልቫዶር ከተማ የካፖዌራ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በ1937 መንግሥት እውቅና ሰጠው። ሌላው ታላቅ መምህር ፓስቲንያ፣ ራሱ እንደተናገረው፣ በልጅነቱ አንድ ጉልበተኛ እየደበደበው ሲያስቸግረው፣ ያንን በመስኮት ያዩ ከአንጎላ የመጡ ሽማግሌ ናቸው ጠርተው ያስተማሩት። እርስዎም ልጅ እያሉ እንዲህ የሚጠራዎት ሽማግሌ ቢያገኙ እምቢ ይሉ ነበር?

ስለ እምነቱም አልደብቅም። ከዘፈኖቹ ጥቂቶቹ ከአፍሪካ ይዘውት የሄዱትን እምነት ያነሳሉ። ጥቂቶቹ ማርያምን ይጠራሉ። ከምቶቹ አንዱ ስሙ ራሱ ቅዱስ ቤኔዲክት ነው። እኔ ሁዳዴ ጿሚ ነኝ፤ ምን ታምኛለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። የጾሙ ችግር ሌላ ነው፤ በባዶ ሆድ ተዘቅዝቆ መቆም አያድርስ ነው። ደግሞስ የመስቀል በዓላችን እ.ኤ.አ. በ2013 የገባበት የዩኔስኮ መዝገብ ውስጥ በዓመቱ የካፖዌራው ክብ ገብቷል። ዩኔስኮ ያጎራበታቸውን እኛ በአንድ አዳራሽ ማሳደር አቃተን? ድምፁ ይረብሻል እንዳይሉኝ ብቻ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሠርግ ዲጄ ሲከራየው መስኮቱ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

የልጅ እናት ምን ያገለባብጥሻል ላሉኝም፣ ወገቤ ነዋ! አሥራ ምናምን ዓመት ሰው ሳነሳ ሳስተኛ የደነዘዘ ወገብ ነው። ተፈወስኩ አልልም። አሁን ግን ካልሲዬን የማጠልቀው ቆሜ ነው። ከኛ ሰዎች ስንቶቹ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ውስጥ፣ ካሸር ኋላ፣ ጥበቃ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይውላሉ? ጀማሪ ይቀበላሉ፤ መክፈል ላቃተው ይቀንሳሉ። ነጭ ሱሪና ቲሸርት ይበቃል፤ በባዶ እግርም ይሆናል።

ለጊዜው የምንለማመደው አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያለፈው ማክሰኞ ገና ዢንጋ ስንጀምር ጥበቃው መጣ። የአገሬ ልጅ ነው፣ ገና ሲመጣ በአረማመዱ አውቄዋለሁ። «እዚህ አይፈቀድም» አለ በእንግሊዝኛ። እኔ በአማርኛ «ወንድሜ፣ አዳራሽ አጥተን ነው» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ቤሪምባውን እያየ፣ «ይሄ ቅል አይደለም እንዴ?» አለ። ሰጠሁት። አገላብጦ አየው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ጆሮው ላይ አስጠጋው። «እናቴ እርጎ የምታስቀምጥበት» አለ። ሬዲዮው ሲጮህበት መለሰልኝና፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወደዚህ ፎቅ እንደማይወጣ ነግሮኝ ሄደ።

ኅዳር ሲገባ ያ ፎቅ ይበርዳል። ኮሚቴው ይህን ካነበበ፣ የምንፈልገው ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ነው። ጠርገን እንወጣለን፤ ቡናውን እኔ አመጣለሁ።

«ካፌ» ነኝ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ