ተከላካዩንም ጻፉልን

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

በገጻችሁ ስለ በረዶ ሆኪ ታላላቅ ተጫዋቾች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። ስለዚህ ስፖርት በአማርኛ የሚጽፍ እምብዛም ስለማላገኝ፣ ማንበብ የጀመርኩት ደስ እያለኝ ነው። ስጨርስ ግን ቅር አለኝ። ከጠቀሳችኋቸው ውስጥ አንድም ተከላካይ የለም። ሁሉም ጎል አግቢዎች ናቸው።

ጎል እንደሚያምር አውቃለሁ። እኔም ጎል ሲገባ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። ግን አንድ ቡድን በረዶው ላይ ከሚያሰልፋቸው ስድስት ሰዎች ሁለቱ ተከላካዮች ናቸው። የእነዚህ ሰዎች የሙያ ዘመን ምን እንደሚመስል ማን ይንገረን? እናንተ ካልጻፋችሁት፣ አንባቢ ተከላካይን የሚያውቀው ሲሳሳት ብቻ ነው።

እስቲ ስለ አንዱ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ኒክላስ ሊድስትሮም ስዊድናዊ ነው። የአሜሪካው ቡድን ዲትሮይት ሬድ ዊንግስ፣ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ በሚወስዱበት የ1989 ምርጫ ሲመርጠው 53ኛ ነበር። ከእሱ በፊት 52 ወጣቶች ተጠርተዋል ማለት ነው። በ1991 የሰሜን አሜሪካውን ትልቁን የሆኪ ሊግ፣ ኤንኤችኤልን ተቀላቀለ። ከዚያ በኋላ እስከ 2012 ድረስ ሃያ የውድድር ዘመን ተጫወተ። ሃያውንም በዚያው በዲትሮይት ማልያ። በእነዚያ ሃያ የውድድር ዘመናት ቡድኑ አንድም ጊዜ ከጥሎ ማለፉ አልቀረም። አራት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ዋንጫን አነሣ፤ በ1997፣ በ1998፣ በ2002 እና በ2008።

ብዙ ሰው የሆኪ ተከላካይ ሲባል የሚታየው ግዙፍ ሰው ነው። ተጋጣሚውን ከግድግዳው ጋር የሚያላትም፣ ሲብስበት ጓንቱን ጥሎ የሚደባደብ። ሊድስትሮም እንዲህ አልነበረም። አጥቂው ፓኩን፣ ማለትም በኳስ ፈንታ የሚጫወቱባትን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ይዞ ሲመጣበት፣ ፊቱን ወደ አጥቂው አድርጎ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ርቀቱን ይጠብቃል። አይጠጋም፣ አይርቅም። ዱላውን አጥቂው ለማቀበል ባሰበው መስመር ላይ ያሳርፋል። መሀሉን ይዘጋበታል። አጥቂው የሚቀረው መንገድ በጠርዙ በኩል ያለው ብቻ ነው፤ እዚያ ደግሞ ግድግዳው አለ። መዞሪያ ያጣል። ከዚያ ፓኩ ይነጠቃል፣ ወዲያው ለቡድን ጓደኛ ይሰጣል። ይህ ሁሉ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ቴሌቪዥኑም በድጋሚ አያሳየውም።

እኔ ይህን ማየት የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አንድ ቀን ፓኩን መከተል ትቼ እሱን ብቻ ለማየት ወሰንኩ። በረዶው ላይ ሲገባ ጀምሮ ተቀይሮ እስኪወጣ፣ ከዓይኔ አላጠፋሁትም። ፓኩ ሩቅ ሳለ እንኳ አይቆምም። ቀና ብሎ ማን የት እንዳለ ያያል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ኋላ። አደጋው ሲመጣ እሱ ቀድሞ እዚያው ቦታ ቆሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ ጨዋታውን የማይበት ዓይን ተለወጠ።

ቁጥር ከፈለጋችሁም ቁጥር አለ። ሊድስትሮም በ1,564 የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች የተቀጣው በድምሩ 514 ደቂቃ ነው። ቀላል ጥፋት የሠራ ተጫዋች ለሁለት ደቂቃ ወጥቶ ይቀመጣል፣ ቡድኑም አንድ ሰው ጎድሎበት ይጫወታል። አስሉት። በስድስት ጨዋታ አንድ እንዲህ ዓይነት ቅጣት ገደማ ይደርሰዋል። ይህ ሰው ሥራው የሊጉን ምርጥ አጥቂዎች ማስቆም ነበር! ከ264 ጎሎቹ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ይህ ቁጥር ነው።

ጎሎቹም ቢሆኑ የሚናቁ አይደሉም። በ2006 ቱሪን ኦሊምፒክ፣ ስዊድን ፊንላንድን 3 ለ 2 አሸንፋ ወርቅ ስትወስድ የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ ገና አሥረኛው ሰከንድ ላይ።

አንድ ነገር ግን ሁሌም ይቆጨኛል። ለሊጉ ምርጥ ተከላካይ የሚሰጥ ኖሪስ የሚባል ሽልማት አለ። ሊድስትሮም በ1998፣ በ1999 እና በ2000፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጣ። መጀመሪያ ያሸነፈው በ2001 ነው። 31 ዓመቱ ነበር፤ ሊጉን ከተቀላቀለ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ ደገመው። የመጨረሻውን በ2011 ሲወስድ 41 ዓመቱ ነበር። እስቲ አስቡት፣ እንዲህ የሚጫወት ሰው እስኪታይ አሥር ዓመት! በ2002 የጥሎ ማለፉ ኮከብ ሆኖ ሲመረጥ ከአውሮፓውያን የመጀመሪያው ነበር። በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ተወልዶ፣ ጨዋታውንም እዚያው ተምሮ ስታንሊ ዋንጫን ያነሣ የመጀመሪያው አምበል ሆነ።

አሁን ወደ ሌላው ሰው ልምጣ። የጻፍኩላችሁ ይበልጥ ስለ እሱ ብዬ ነው ማለት እችላለሁ። ዲትሮይት በዚያው በ1989 ምርጫ፣ በ221ኛ ደረጃ ቭላዲሚር ኮንስታንቲኖቭ የሚባል ሩሲያዊ ተከላካይ ወስዶ ነበር። እሱም ሊጉን የጀመረው በ1991 ነው። አጨዋወቱ ግን ከሊድስትሮም ፍጹም ይለያል። ይጋጫል፣ ይገፋል፣ አጥቂዎችን ያበሳጫል። በ1997 የኖሪስ ምርጫ ላይ ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ጁን 7 ዲትሮይት ከ42 ዓመት ጥበቃ በኋላ ዋንጫውን አነሣ። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ተጫዋቾች አሳፍሮ ይሄድ የነበረ ሊሞዚን ከዛፍ ጋር ተጋጨ። ኮንስታንቲኖቭ ተረፈ። ጭንቅላቱ ላይ የደረሰው ጉዳት ግን እጅግ ከባድ ነበር። 30 ዓመቱ ነበር። ዳግመኛ አልተጫወተም።

በቀጣዩ ዓመት ዲትሮይት እንደገና አሸነፈ። አምበሉ ስቲቭ አይዘርማን ዋንጫውን እንደተቀበለ ይዞ የሄደው ወደ ኮንስታንቲኖቭ ነው። በዊልቸር ወደ በረዶው አምጥተውት ነበር። ዋንጫውን ጭኑ ላይ አስቀመጡለት፤ ጓደኞቹም ዊልቸሩን እየገፉ አብረውት ዞሩ። ስሙ በ1998ቱም ዋንጫ ላይ ተቀርጿል። ሊጉ ነው የፈቀደው።

በአንድ ምርጫ፣ በአንድ ቡድን የገቡ ሁለት ተከላካዮች ናቸው። አንዱ ሃያ የውድድር ዘመን ተጫወተ፣ በ2015 የሆኪ የክብር አዳራሽ ገባ፣ 5 ቁጥር ማልያው በዲትሮይት መጫወቻ ከጣሪያው ሥር ለክብሩ ተሰቅሏል። ሌላው ስድስት ብቻ ተጫወተ። ጎል አግቢዎችን ብቻ ስትዘረዝሩ ሁለቱም ይቀራሉ፤ በተለይ ኮንስታንቲኖቭ፣ የሚቆጠርለት ትልቅ የጎል ቁጥር የለውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ጽሑፉን በተከታታይ ታወጡት እንደሆነ፣ ቀጣዩን ክፍል ለተከላካዮች ስጡልኝ። ቦታ ከጠበባችሁ ስለ ሊድስትሮም የጻፍኩትን ቀንሱት። የኮንስታንቲኖቭን ግን አትንኩብኝ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ