የአካባቢ ክበብ ዘገባ፦ ሊትሩን ትተን ጀሪካኑን ቆጠርን

ዘንድሮ ክበባችን ከችግኝ ተከላው ሌላ አንድ ሥራ ጨምሯል። እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በትምህርት ቤታችን ዙሪያ ያሉ ቤቶች ውሃን እንዴት እንደሚጠቀሙ አጥንተናል። ችግኞቹ ጸድቀዋል። የውሃውን ነገር ግን ሰፋ አድርጌ ላውጋችሁ።

ኅዳር ላይ ልጆቹ መጠይቅ አዘጋጁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤታችሁ በቀን ስንት ሊትር ውሃ ይጠቀማል?» የሚል ነበር። ተሞልቶ ሲመጣ ግማሹ ባዶ ነው፤ የቀረው ግምት። አንዲት እናት ለተማሪያችን «ሊትር ምኑን አውቄው ልጄ፤ ሲያልቅ አስቀዳለሁ» አሏት። እውነታቸውን ነው። ጓዳ ውስጥ የሚቆጠረው ጀሪካን፣ ባልዲና ጆግ ነው።

መጠይቁን እንደ አዲስ ጻፍነው። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ስንት ጀሪካን ውሃ አለቀ? ጀሪካኑስ የትኛው ነው?» 20 ሊትር የሚይዝም 25 የሚይዝም ስላለ፣ ይህ ካልተጠየቀ ስሌቱ ይበላሻል። «ብዙ ጊዜ» ብሎ ከመጠየቅ «ትናንት» ማለቱም በጣም ጠቀመን። ሰው ትናንትን አይረሳም።

ከዚያ ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂት ቤቶች ጓዳቸው በር ላይ ወረቀት ለጠፉ። አንድ ጀሪካን ባለቀ ቁጥር አንድ ጭረት። የማንም ስም አልተጻፈበትም። ልጆቹ ደግሞ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሄደው ተቀመጡ፣ አዩ፣ አወሩ። ድብልቅ የጥናት ዘዴ የሚባለው ይኸው ነው። ቁጥሩ ምን ያህል እንደሆነ ይነግረናል፤ ለምን እንደሆነ የምንሰማው ግን ቁጭ ብለን ስናወራ ነው።

አንድ አባት ሦስት ጀሪካን ብለው ነበር። ወረቀቱ ላይ አምስት ጭረት ተገኘ። አልዋሹም። ሁለቱን ከትምህርት መልስ የቀዳችው ልጃቸው ናት፤ እሳቸው ገና ከሥራ አልገቡም። ከዚያ ወዲህ የምንጠይቀው ውሃ የሚቀዳውን ሰው ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ የአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ማስታወሻ ነው። ልብስ የተለቀለቀበት ውሃ ለመጸዳጃ ቤት እንደሚውል፣ ሽንኩርትና ድንች የታጠበበት ደግሞ ጓሮ ጎመኑ ላይ እንደሚደፋ ጽፋለች። አንዱ ጀሪካን ሁለቴ ይሠራል ማለት ነው። መጠይቃችን ይህን የሚሞሉበት ቦታ እንኳ አልነበረውም።

የገና ሰሞን ጭረቱ በዛ። ጋን ይታጠባል፣ ጠላ ይጠነሰሳል፣ እንግዳ ይመጣል። ያን ሳምንት ብቻ ቆጥረን ብንተው ኖሮ ተሳስተን ነበር። ስለዚህ የካቲት ላይ ደገምነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ያስፈልጋል ይላል። ልጆቹ ዝቅተኛውን ይዘው ለአምስት ሰው ቤት አሰሉት። 250 ሊትር፣ ማለትም 10 ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ወጣ። የአንዱ ጀሪካን ውሃ ብቻ 25 ኪሎ ይመዝናል። ክፍሉ ዝም አለ። ከቦኖ በጀርባቸው የሚያመላልሱ ልጆች እዚያው ክፍል ውስጥ አሉና ማብራሪያ አላስፈለገም። ውሃ ደጁ ድረስ ያልመጣለት ቤት ለምን ቆጥቦ እንደሚጠቀም ያኔ ለሁላችንም ገባን።

ክረምት ላይም እንቀጥላለን። ዝናብ ሲገባ ብዙ ቤት ከቆርቆሮው ጣሪያ ውሃ ያጠራቅማል፤ ባለፉት ወራት ያላየነው ይህን ነው። ልጆቹ ለሐምሌ ባዘጋጁት ወረቀት ላይ አንድ ዓምድ ጨምረዋል፦ «ከጣሪያ»።