ለትዕግስት፣ ስለ ክርስትና ልጅሽ እንቅልፍ

ውድ እህቴ ትዕግስት፣

እንዴት ነሽ ባያሌው? እማማስ እግራቸው ተሻላቸው? ጠፋሁብሽ፣ ይቅር በይኝ። ስንቴ ስልኬን አንስቼ ስምሽ ላይ ስደርስ ተመልሻለሁ። በቆየሁ ቁጥር ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። የዚያን የሐምሌውን ነገር ስንገናኝ እናወራዋለን፣ ለአሁኑ ይቆየን። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ሜሮን ነው።

የክርስትና ልጅሽ 16 ሆናለች። በቁመት በልጣኛለች። ባለፈው ወር የክፍል ኃላፊዋ አስጠራችኝና «ልጅሽ ክፍል ውስጥ ትተኛለች» አለችኝ። ሌላ ጥፋት የለባትም፣ ትተኛለች ብቻ። ደም ማነስ ይሆን ብዬ አስመረመርኳት፣ ደህና ናት። እናቴ «ዓይነ ጥላ ነው» አለች፣ ጸበልም ወሰድናት። አባቷ ስልኳን ማታ ማታ መውሰድ ጀመረ። ስልኩም ሳይኖር ጣሪያ ጣሪያ እያየች 5 ሰዓት ይሆናል። «እማ፣ እንቅልፉ እምቢ አለኝ» ትለኛለች። ጠዋት ማጠናከሪያ 1 ሰዓት ይጀምራል። ከሽምብጥ ባጃጅ ተጠብቆ ለመድረስ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መቀስቀስ አለባት። ካልሲዋን አንዱን አጥልቃ ሌላውን እንደያዘች አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ትተኛለች። አንጀቴን ትበላኛለች።

መልሱን ይዛ የመጣችው ራሷ ናት። ለባዮሎጂ የቤት ሥራ ስለ እንቅልፍ ስታነብ አንዲት ሳይንቲስት አገኘች፣ ሜሪ ካርስካደን የምትባል አሜሪካዊት። እንዳንቺው ሳይኮሎጂ ነው በመጀመሪያ ዲግሪዋ የተማረችው። ከዚያ ስታንፎርድ ገብታ የእንቅልፍ ምርምር ፈር ቀዳጅ ከሚባለው ከዊልያም ዲመንት ጋር ሠራች። በፈረንጆቹ 1976 ልጆችን በክረምት እየሰበሰቡ የሚያስተኙበት ካምፕ ተጀመረ። ልጆቹ ቀን ይጫወታሉ፣ ማታ ጭንቅላታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ ይተኛሉ። እነዚያኑ ልጆች በየዓመቱ እየመለሱ እስኪጎረምሱ ተከታተሏቸው። አስቢው ትዕግስት፣ የአንድን ልጅ እንቅልፍ ዓመት ከዓመት!

ልጅ ሲያድግ እንቅልፍ ይቀንሳል ብለው ነበር የጀመሩት። እኛስ እንደዚያ አይደል የምናስበው? ግን 10 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ሲፈቀድላቸው ትንሹም ትልቁም ከ9 ሰዓት በላይ ተኛ። ይባስ ብሎ ከፍ ያሉት ያንኑ ያህል ተኝተውም ቀን ላይ ከትንንሾቹ ይበልጥ እንቅልፍ እንቅልፍ አላቸው። ይህን የምትለካው በየሁለት ሰዓቱ ጨለማ ክፍል አስተኝታ፣ ስንት ደቂቃ ላይ እንቅልፍ እንደሚወስዳቸው በመቁጠር ነው። ይኸው ፈተና ዛሬም በየአገሩ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ነው።

በኋላ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ለምን የሚለውን ያዘች። በጉርምስና ጊዜ የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ይዘገያል። ሜላቶኒን የሚባለው፣ መምሸቱን ለሰውነት የሚነግረው ሆርሞን፣ አርፍዶ ይመጣል። ይህንንም ከልጆቹ ምራቅ ነው የለካችው። ነቅተን በቆየን ቁጥር የሚከማቸው የእንቅልፍ ጫናም ጎረምሶቹ ላይ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው። ሜሮን ጣሪያ የምታየው ለዚህ ነው። ስልክም ብርሃኑ ያባብሰዋል፣ አባቷ እዚያ ላይ ልክ ነው። ግን ስልክ ብቻ አይደለም።

ያስለቀሰኝን ልንገርሽ። ካርስካደን ያጠናቻቸው፣ ትምህርት በእኛ አቆጣጠር 2:25 ይገቡ የነበሩ ተማሪዎች 10ኛ ክፍል ሲደርሱ መግቢያቸው 1:20 ሆነ። ቀድመው መተኛት ግን አልቻሉም። ጠዋት ያንን የእንቅልፍ ፈተና ስትሰጣቸው ግማሽ ያህሉ በደቂቃዎች ውስጥ ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ውስጥ ገቡ። ያ እንቅልፍ ሌላ ጊዜ ከሰዓት በላይ ተተኝቶ ነው የሚመጣው። አካላቸው ክፍል ውስጥ ነው፣ አእምሯቸው ገና ሌሊት ላይ ነው። ይህን ሳነብ ያቺ ካልሲ ዓይኔ ላይ መጣች። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆቹ 2014 ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ከጠዋቱ 2:30 በፊት አይጀመር ብሏል። ካሊፎርኒያ ከ2022 ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ በሕግ አድርጋዋለች።

ትዝ ይልሻል የከሰዓት ፈረቃ የደረሰን ዓመት? በሕይወትሽ አንደኛ የወጣሽው ያኔ ብቻ ነው! በጠዋት ፈረቃ እማማ ውሃ እየረጩ ነበር የሚያነሱሽ። እኔማ ስታዛጊ ነው የማውቅሽ።

እና አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ደስታም ነው፣ ምን ልበለው። ሜሮን «የእንቅልፍ ተመራማሪ ነው የምሆነው» ብላለች። ቀልዷን መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ደብተር አሳየችኝ። በማስመሪያ ያሰመረችው ሠንጠረዥ ነው፤ የእሷና የጓደኞቿ ስም፣ የተኙበት፣ የነቁበት። ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ። ተኛሁ 5:20፣ ተቀሰቀስኩ 11:30፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠፋሁ።» ከታች ደግሞ ጥያቄዎች ጽፋለች። ከሌሊቱ መረብ ለማውጣት ከአባታቸው ጋር ታንኳ የሚይዙት ልጆች መቼ ይተኛሉ? የዘጌ የአብነት ተማሪዎችስ፣ ሌሊት ዜማ የሚያጠኑት? እንቅልፋቸውን የለካ ሰው አለ? ትዕግስት፣ እኔ እናቷ እዚሁ ጣና ዳር ተወልጄ አድጌ አንድም ቀን ይህን አልጠየቅሁም።

አባቷ ግን «በእንቅልፍ እንጀራ ይበላል?» አለ። ክፉ እንዳይመስልሽ፣ ለእሷ ፈርቶ ነው። ሜዲስን ወይ ኢንጂነሪንግ ይላል። እኔ ስለዚያች ሴትዮ ነገርኩት፣ አንድ ጥያቄ ይዛ ከ40 ዓመት በላይ እንደሠራችበት፣ የትምህርት ቤት ደወል እንዲዘገይ ምክንያት ከሆኑት አንዷ እንደሆነች። «እሷ አሜሪካ ናት» አለኝ። እዚህ ላይ መልስ አጣሁ።

አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ዩኒቨርሲቲ ታስተምሪያለሽ፣ እሱም ካንቺ ቃል አይወጣም። ይህን ያህል ጠፍቼ ቆይቼ ለጉዳይ መምጣቴ ከብዶኛል፣ ግን ለማን ልበል? ሳይኮሎጂ ትማር? ፊዚዮሎጂ ይሻላት ይሆን? ሜዲስን ገብታም ወደዚህ የሚወስድ መንገድ ካለ እሱን ንገሪው፣ ሁለቱም ይስማማሉ። ካልሆነልሽም ደብተሯን ብቻ እዪላት። የክርስትና እናቴ አነበበችልኝ ብትል ይበቃታል።

ለማጠናከሪያው ደግሞ እኔ ራሴ ወላጆችን እያነጋገርኩ ነው። ሁለት እናቶች አብረውኝ ናቸው።

ቅዳሜ ደውይልን። ግን ከ4 ሰዓት በፊት አይሁን፣ ቅዳሜ ጠዋት እስኪበቃት እንድትተኛ ፈቅጄላታለሁ።

እህትሽ ሰናይት
ባሕር ዳር