የሸማኔው ጉድጓድም ይጠና

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሙስሊሞች ቁሳዊ ባህል ሲነሳ ሐረር ቶሎ ይጠቀሳል። ጎጃምንስ ማን ያስታውሰው? እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ እዚህ አብዛኛው ሙስሊም ርስት አልነበረውም፤ ኑሮው ንግድና ሽመና ነበር።

ልጅ ሳለሁ እናቴ የፈተለችውን ይዤ ደብረ ማርቆስ ወደ አንድ ሙስሊም ሸማኔ ቤት እላክ ነበር። እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው መወርወሪያውን ከእጅ እጅ ሲያቀባብሉት ፈዝዤ አያለሁ። የሠሩትን ነጠላ እናቴ ለማርቆስ ንግሥ ትለብሰው ነበር፤ ፈትሉ የክርስቲያን፣ ሽመናው የሙስሊም። እንዲህ ያለውን ጨርቅ የየትኛው ሃይማኖት ቅርስ ብለን እንመዝግበው?

የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪዎች፣ እባካችሁ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ድረሱ። የሸማኔውን ዕቃ ስም አንድ በአንድ ጠይቃችሁ ጻፉ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ