ለጥምቀት ምንጣፍ አንሶናል

ለቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ጎረቤቶች፣ ጥር 10 እየመጣ ነው፤ ከተራ። የሰፈራችን ታቦት ከመንበሩ ተነሥቶ በኮንዶሚኒየሞቹ መሀል አልፎ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳል። መንገዱ ያው ነው። ሰው ግን በየዓመቱ ይጨምራል፣ ምንጣፉ ደግሞ በየዓመቱ ያረጃል። ስለዚህ የበዓል ኮሚቴው ዘንድሮ እጁን ወደ እናንተ ዘርግቷል።

ምንጣፍ ሲባል ቀላል ነገር የሚመስለው ይኖራል። ከፊት ሆኖ ያየ ግን ያውቀዋል። ታቦት ያከበሩት ካህናት ባዶ መሬት እንዳይረግጡ ወጣቶቹ ምንጣፉን ከፊት ይዘረጋሉ። ካህናቱ ሲያልፉ ከኋላ ያሉት ጠቅልለው በትከሻ ይሸከሙትና በሕዝቡ ዳር ይሮጣሉ። ከፊት ደርሰው እንደገና ይዘረጋሉ። ይህ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ውሃው ድረስ አይቋረጥም። ምንጣፉ ካጠረ ሩጫው ይበዛል። ሩጫው ሲበዛ ግፊያ ይመጣል። አምና አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ምንጣፍ ስላልደረሰ ታቦቱ ቆሞ ጠብቋል። መዘምራኑ ወረቡን አስረዘሙት፣ እናቶች እልልታውን አቀለጡት። ብዙ ሰው ሆን ተብሎ የተደረገ መስሎት ነበር። ልጆቹ ግን ላብ በላብ ሆነው ነበር።

እዚህ ሰፈር አብዛኞቻችንን ያመጣን ዕጣ ነው። የ20/80 ቤት የደረሰው ከልደታ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከጉለሌ፣ ከመርካቶ ጓዙን ጭኖ መጣ። ዕጣ ደግሞ ጎረቤት አይመርጥም። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች ሰላምታችን አንገት ከመነቅነቅ አያልፍም ነበር። በዓል ሲመጣ ሁሉም ወደ ድሮ ሰፈሩ ይነጉዳል። ለጥምቀትም የቀድሞ አጥቢያውን ታቦት ተከትሎ ጃን ሜዳ የሚወርደው ብዙ ነበር። ሰፈሩ በበዓል ቀን ጭር ይላል።

ምን ቀየረው ብትሉኝ፣ እድሩም የራሱ ድርሻ አለው። በእኔ እይታ ግን ዋናው ከተራ ነው። እድር የሚያገናኘን በኀዘን ነው። የብሎክ ስብሰባ ላይ ደግሞ ስለ ውሃ ፓምፕና ስለ ጥበቃ ደመወዝ ስንጨቃጨቅ እናመሻለን። ከተራ ግን ሥራ ይሰጠናል። አንዱ ይጠርጋል፣ አንዷ ቀጤማ ትጎዘጉዛለች፣ አንዱ መሰላል ላይ ወጥቶ ባንዲራ ይሰቅላል። አብሮ መንገድ የጠረገ ሰው በማግስቱ ደረጃ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም መጥረጊያ ይዘው ይወጣሉ፣ ውሃ ያድላሉ። በረመዳን ለጎዳና ኢፍጣር ወንበር የሚደረድሩት ደግሞ እነዚሁ ምንጣፍ የሚጎትቱ ልጆች ናቸው። ይህን ለማሳመር አልጻፍኩትም። እዚህ የሚኖር ሁሉ ያየዋል።

ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ደስ ይላል። ዩኔስኮ ግን ምንጣፍ አይገዛም። ካሜራውም ጃን ሜዳና ጎንደር ነው የሚሄደው። እኛ ያለነው ከተማው ጫፍ ላይ፣ የአዳማው የክፍያ መንገድ አጠገብ ነው። ወጪውም ደስታውም የራሳችን ነው።

ከሁሉ በፊት የምንፈልገው ቀይ ምንጣፍ ነው። ወፈር ያለ፣ ውሃ ቢነካው የማይበላሽ። ኮሚቴው መርካቶ ወርዶ ዋጋ ጠይቋል። የተለያዩ ሱቆች የሰጡን ዋጋ በየብሎኩ መግቢያ ተለጥፏል። «ከዚህ የረከሰ አውቃለሁ» የሚል ካለ ደስ እያለን ይዘነው እንሄዳለን። ቀጥሎ ሮቶ ያስፈልገናል። ውሃችን በፈረቃ ነው፣ ፈረቃው ደግሞ በዓል አያውቅም። ከተራ ቀን ከሰዓት ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከታቦቱ ጋር የሚጓዙ ሽማግሌዎችና ሕፃናት አሉ። አንድ ሮቶ ከነቧንቧው ካገኘን ቀድመን ሞልተን እናስቀምጣለን። ሞንታርቦ መግዛት አያዋጣም፣ እንከራያለን። ድንኳኑን እድሩ ያውሰናል። ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ለሚያድሩት ሻይና ዳቦ ማቅረብ ግን የእኛ ፋንታ ነው። የጥር ሌሊት ብርድ፣ በተለይ እዚህ ሜዳ ላይ፣ ቀልድ አይደለም።

አንድ ድርጅት ሙሉ ወጪውን ልሸፍን ብሎን ነበር። በምትኩ ስሙ በወጣቶቹ ቲሸርትና በባነሩ ላይ እንዲወጣ ፈለገ። ኮሚቴው ብዙ ተከራክሮ አልተቀበለውም። እኔም አልተቀበልኩትም ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ሁሉን አንድ ሰው ከከፈለ ሌላው ተመልካች ይሆናል። ከአንድ ኪስ ብዙ ከምንቀበል ከየበሩ ትንሽ ትንሽ ብንሰበስብ ይሻላል። 50 ብርም 100 ብርም መዋጮ ነው። እህቶቼ፣ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ብላችሁ ለሸማኔ ከምታወጡት ላይ ቆንጠር አድርጉልን። ወንዶቹም ብትሆኑ ካልሲ ብቻ ቀይራችሁ አትወጡም፣ እናውቃችኋለን።

«እኔ ተከራይ ነኝ» የሚል ጎረቤት በየዓመቱ ይገጥመናል። በከተራ ቀን ካርታ የሚጠይቅ የለም። ቤት አከራይታችሁ ሌላ ቦታ የምትኖሩም፣ ውጭ አገር ያላችሁም አትርሱን።

በየብሎኩ ሁለት ተወካዮች አሉ። ገንዘብ ስትሰጡ ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሰብሳቢ የእኛ ሰው አይደለም። በባንክ ለምታስገቡ የሒሳብ ቁጥሩ እድሩ ቢሮ በር ላይ ተለጥፏል። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው። ስልክ ደውሎ «በዚህ ላኩልኝ» ለሚል ግን እንዳትልኩ። ከበዓሉ በኋላ ገቢና ወጪው ዝርዝሩ እዚያው በር ላይ ይለጠፋል። ምንጣፉና ሮቶው በእድሩ መጋዘን ይቀመጣሉ። ሠርግ ያለው፣ ኢፍጣር የሚያዘጋጅ፣ ልጅ የሚያስመርቅ ሁሉ በነፃ ይወስዳል፣ አጽድቶ ይመልሳል።

ገንዘብ የሌለው ጉልበት አለው። መንገድ የምናጸዳው ጥር 9 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ነው። መጥረጊያ ያለው ይዞ ይምጣ። ጥር 12፣ ለቃና ዘገሊላ፣ ደግሞ የሃይላንድ ፕላስቲኩን የሚለቅም ሰው እንፈልጋለን። ይሄኛው ሥራ ላይ ሁልጊዜ ሰው ያንሳል፣ ስለዚህ ከአሁኑ ተመዝገቡ።

መዋጮው የሚዘጋው የገና በዓል ሳይደርስ ነው። የበዓል ሰሞን ገበያ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሞንታርቦውን ጭኖ ከሰልፉ ጋር ቀስ ብሎ የሚሄድ አይሱዙ ገና አላገኘንም። መኪና ያላችሁ፣ ወይም ያለውን ሰው የምታውቁ፣ ለብሎክ ተወካዮቻችሁ ንገሩ። ነዳጁን እኛ እንችላለን።