ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ «ቁልቁል» አይኬድም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ከአዲስ አበባ እስከ ላሊበላ ስለሚደረግ የቤተሰብ ጉዞ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በደስታ፣ ቀጥሎ በንዴት። ስለ ጣርማበር ጉም አንድ ሙሉ አንቀጽ አለ። ስለ ላሊበላም እንደሚገባው ብዙ ተጽፏል። ወሎ ላይ ሲደረስ ግን ዘጋቢያችሁ ኮምቦልቻን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈና «ቁልቁል» ወደ ደሴ ወረደ። ምሳውን በላ። መንገዱን ቀጠለ።

የቱ ቁልቁል?

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ የምሠራው ደሴ። 16 ዓመት ሙሉ ጠዋት ሽቅብ፣ ማታ ቁልቁል ተመላልሻለሁ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። መሀላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህች አጭር መንገድ ነው ሐረጎ የሚባለውን ዳገት የምንወጣው። ጆሮ ይደፈናል። አየሩ ይቀየራል። ታች በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ላይ ሲደርስ ጃኬቱን ይፈልጋል። የሚኒባስ ረዳቶች ፌስታል አጠገባቸው የሚያስቀምጡት ለጌጥ አይደለም፤ ጥምዝምዙ ያልለመደውን ሰው ስለሚያስመልሰው ነው።

ቁጥሩ ይቅር። ወንዙን ማየት ይበቃ ነበር። ቦርከና ከደሴ በኩል ተነስቶ ገደሉን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከዚያ በጨፋ ሜዳ አድርጎ መጨረሻው አዋሽ ነው። ውሃ ሽቅብ አይፈስም። ዘጋቢያችሁ አንድ ጊዜ በመስኮት ወደ ታች ቢያይ ኖሮ፣ መኪናው ወንዙ ወደመጣበት እየወጣ መሆኑን ያውቅ ነበር። ስለዚህ ወይ ተኝቷል፣ ወይ አልመጣም። ሌላ ሦስተኛ ነገር ሊታየኝ አልቻለም።

አንዲት ቃል ናት ትሉ ይሆናል። ለእናንተ ትሁን። ታናሽ ወንድሜ ይህንኑ ዘገባችሁን ስልኩ ላይ ይዞ ነው ነሐሴ ላይ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ጭኖ ከአዲስ አበባ የመጣው። ከመነሳቱ በፊት ደውዬ «ለልጆቹ ሹራብ ያዝ፣ ሐረጎ ጉም ነው» ብዬዋለሁ። «ከኮምቦልቻ ወደ ታች ነው አይደል የሚኬደው? እንደውም ይሞቃል» አለኝ። ተወልጄ ያደግሁበትን አገር ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ ለገባ ሰው ማስረዳት አቃተኝ። የእህቱን ቃል ትቶ የእናንተን አመነ። አልፈርድበትም። የታተመ ነገር ይታመናል። እኔን ያናደደኝም እሱ ነው።

ኮምቦልቻ እኔ ቤት ቡና ጠጥተው አብረን ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ ጉሙ ዋጠን። ከፊታችን የሚሄደው የጭነት መኪና የኋላ መብራት ብቻ ይታያል። ትንሿ የወንድሜ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳ ከንፈሯ ጠቆረ። ነጠላዬን አጥፌ ጠቀለልኳት። ትልቁ ልጅ ደግሞ መኪና ውስጥ አስመለሰው፤ ፌስታል ማን አስቦ! ወንድሜ ዳር ይዞ ቆመ። ልጁን ሳጥበው «አክስቴ፣ መቼ ነው የምንወርደው?» አለኝ። ምን ልበለው?

ስንመለስ ደግሞ ሌላ ጉድ። ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጦ ብቻ ሊጨርሰው ፈለገ። ታችኛው መታጠፊያ ጋ ስንደርስ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መኪናውን ሞላው። ፍሬኑ ነው። እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ይህን በእናንተ ላይ አልጭንም፤ የሹፌሩ ጥፋት ነው። ግን ቤተሰብን መኪና አስነስቶ ተራራ የሚያስወጣ ጽሑፍ «ሐረጎን ስትወርዱ ማርሽ ቀንሱ» የምትል አንዲት መስመር ቢኖረው ምን ይጎድለዋል? የምሳውን ዋጋ ለመጻፍ ቦታ ተገኝቷል እኮ።

የዘለላችሁትንም ልንገራችሁ። ጉሙ ሲገለጥ፣ ከሐረጎ መታጠፊያዎች ላይ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ተዘርግታ ትታያለች። የቆርቆሮው ጣሪያ ያብረቀርቃል። ደሴ ስትገቡ ጦሳ ተራራ ከተማዋን ከላይ ሆኖ ያያታል። ከዚያ ወዲያ ወደ ምዕራብ ያለው ውሃ በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ በእኛ በኩል ያለው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ለልጆች ከመኪና ሳይወርዱ የሚሰጥ የጂኦግራፊ ትምህርት ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ሐይቅ አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ነው። ዘጋቢያችሁ በአጠገቡ አልፎ ነው ላሊበላ የደረሰው። በውጫሌም አልፏል፤ የ1881ዱ ውል የተፈረመባት ውጫሌ። አንድም ቃል የለም። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፍ ደግሞ ባቲ ነበረች፣ በሰኞ ገበያዋ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚህ አገር ስም ነው። ይህን አገር ነው በመስኮት የሚታይ ነገር እንደሌለው አድርጋችሁ ያለፋችሁት።

ይህን የምጽፈው ለክብር ብቻ አይደለም። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ እንግዳ ናፍቆናል። አንድ ቤተሰብ ደሴ ቢያድር አልጋ ይከራያል፣ እራት ይበላል፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ ያስጠብሳል። «ምሳ ተበልቶ የሚታለፍ» ብላችሁ ስትጽፉ ያ ቤተሰብ ምሳውን በልቶ ያልፋል። ወንድሜም አንድ ቀን ብቻ ነበር ያሰበው። ሐይቅን እንዲያይ ያደረግሁት ለምኜ ነው። ልጆቹ ከውሃው ዳር አልነሳም ብለው አመሹ።

ስለዚህ እርማት እጠይቃለሁ። ከታች በትንሽ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ ይውጣ። ከኮምቦልቻ ሽቅብ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ። ሹራብ ይያዝ፣ ማርሽ ይቀነስ። ዘጋቢያችሁም ተመልሶ ይምጣ። መስኮት በኩል ይቀመጥ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ