አውሮፕላን ብቻ ሳይሆን አሠልጣኝም ይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን መደብደባቸው በተነሳ ቁጥር እዚህ ወሎ ውስጥ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፦ «የሚበቃ አውሮፕላን አልነበረንማ!» ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ከድብደባው ስድስት ዓመት ቀድሞ። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊም ሠልጥነው ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ተርታ ገብተዋል። ያልነበረው አንዱን ሠልጣኝ በሌላው ላይ እያስከተለ የሚያወጣ ክፍል ነው። የተገዙት አውሮፕላኖች ፖቴዝ፣ ፋርማን፣ ዩንከርስ፣ ፎከር እየተባሉ የተዘበራረቁ ነበሩ። የአንዱ መለዋወጫ ለሌላው አይገጥምም፤ በአንዱ የተማረም ሌላውን ለማብረር እንደ አዲስ ይለማመዳል።

ይህ የተስተካከለው ከነፃነት በኋላ ቢሾፍቱ ላይ፣ በአየር ኃይሉ ማሠልጠኛ ነው። በ1928 የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበር የነበረው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ተመልሶ ሥልጠናውን እስከ 1948 መራ። አብራሪው በማሠልጠኛው አውሮፕላን በሳብ ሳፊር ይጀምርና ወደ ሳብ 17 ቦምብ ጣይ ያልፍ ነበር፤ ቴክኒሻኑም ጎን ለጎን ይሠለጥን ነበር። በሳፊር ውስጥ አሠልጣኝና ሠልጣኝ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ፣ ልጁ ዓይኑን የት እንዳሳረፈና መሪውን እንዴት እንደጨበጠ መምህሩ ያያል። በኋላ በመጡት ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች፣ በቲ-28 እና በቲ-33 ግን መቀመጫው ፊትና ኋላ ነው።

ቦታውም የራሱ ፈተና አለው። ቢሾፍቱም ሆነ የእኛው ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ ተራ የፒስተን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ መንደርደሪያው ይረዝማል፤ እኩለ ቀን ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። አደገኛው ማረፊያው ላይ ነው። የፍጥነት መለኪያው የተለመደውን ፍጥነት እያሳየ፣ አውሮፕላኑ ከመሬት አንጻር 10 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። ሠልጣኙ መሬቱ ሲሮጥበት ይደነግጥና ነዳጅ ይቀንሳል፤ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል። ያን ጊዜ ክንፉ መሸከም ያቅተዋል፤ በዚያ ዝቅታ ላይ ደግሞ ማዳኛ ከፍታ የለም። ልጁ ብቻውን ከመላኩ በፊት መሬቱን ትቶ መለኪያውን ማመን ሊዋሐደው ይገባል። ይህን መጽሐፍ አያስተምረውም፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው እንጂ።

ስለዚህ ነው አሠልጣኝ ከአውሮፕላን ይልቅ ውድ የሚሆነው። ልምድ ያለው አብራሪ ከተዋጊ ስኳድሮን (ከአውሮፕላን ጓድ) ወጥቶ፣ ማስተማርን ራሱን ተምሮ ነው አሠልጣኝ የሚባለው። ጦርነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱን ወደ ግንባር መላክ ነው። ጉድለቱ በዚያው ዓመት አይታይም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ስኳድሮኖቹ ወጣት አብራሪ ያጣሉ። ቴክኒሻንም እንዲሁ ነው። የማሠልጠኛ አውሮፕላን በቀን ደጋግሞ ስለሚነሳና ስለሚያርፍ፣ ጀማሪም በኃይል ስለሚጥለው፣ ጎማው፣ ፍሬኑና የእግሩ አሞርቲዛተር ቶሎ ያልቃሉ። የሚቀይር እጅ ከሌለ አውሮፕላኑ ቆሞ ይውላል።

ጋዜጣችሁ ስለ አየር ኃይል ሲጽፍ የተዋጊ ጄቶችን ስምና ብዛት ይደረድራል። እባካችሁ ይህንንም ጨምሩልን፦ አንድ አሠልጣኝ ስንት ሠልጣኝ ይዟል? ከማሠልጠኛዎቹስ ጠዋት ጠዋት ለበረራ ዝግጁ ሆነው የሚገኙት ስንቶቹ ናቸው?

ከአክብሮት ጋር
አንባቢዎቻችሁ፣ ከደሴ